ባለ ሦስት ቱቦው ጀልባ

ቤዛ ከቀትር በኋላ ራሷን አሟት ቀደም ብላ ወደ ቤቷ ስትገባ፣ ባሏ በረንዳው ላይ ቆሞ በስልክ ጀልባ ይመርጥ ነበር።

ገረሱ በዚያ ሰዓት ቢሮው መሆን ነበረበት። ጀርባውን ለበሩ ስለሰጠ አላያትም።

«የውሃ ላይ ስኪ የሚጎትት ፈጣን ሞተር ምን ያደርግልኛል? በዝግታ ነው የምንሄደው» ይላል። «ትንሿ ትጠባለች። ባለ ሁለት ተንሳፋፊ ቱቦው አንድ ጎን ሲከብደው ያጋድላል ካልክ፣ ባለ ሦስት ቱቦው ይሁን። መሃል ያሉትን ወንበሮች አንሱልኝ፤ ሁለት ሜትር ያህል ባዶ ወለል እፈልጋለሁ። የጎኑ በር ሰፊ ነው?»

ትንሽ አዳመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ።

«ክብደቱን ለመሄጃው አስብ። ስንመለስ በአንድ ሰው እንቀንሳለን።»

ቤዛ ቦርሳዋ ከእጇ ወደቀ። ገረሱ ዞር አለ። ፊቱ አመድ መሰለ።

«ለመዝናናት ነው» አለ ሳትጠይቀው። «ነገ በማለዳ ባቱ እንወርዳለን። ሐይቁ ላይ ትንሽ እንንሸራሸራለን።»

«ሥራ አለኝ እኮ።»

«አለቃሽን አስፈቅጄልሻለሁ።»

«ማን ማን ነው የሚሄደው?»

«ወንድሞቼ አሉ» አለና ዓይኑን ሰበረ።

ገረሱ ውሸት አይሆንለትም። ከተጋቡ ጀምሮ እንጦጦ እንኳን አውጥቷት የማያውቅ ሰው፣ በአንድ ቀን ጀልባ ተከራይቶ ሽርሽር አማረው። ለዚያውም ከተኳረፉ በኋላ። የልደታው ኮንዶሚኒየም ዕጣ የወጣው በቤዛ ስም ነው። እሱ ሸጠን ሰፋ ያለ እንግዛ አለ፤ እሷ እምቢ አለች። ወንድሞቹ ተሰብስበው መጥተው ቢለምኗት እንኳ ቃሏን አላጠፈችም። «በሕይወት እያለሁ ይህ ቤት አይሸጥም» ነበር ያለችው።

አሁን ያ ንግግሯ ትዝ አላት።

ቤዛ ዝዋይ ሐይቅ ላይ ካሉት ደሴቶች በአንዱ ተወልዳ ዋና የማትችል ሴት ናት። አባቷ ወንዶቹን ሲያስተምር እሷን ረስቷታል። ይህን የባሏ ዘመድ ሁሉ እያነሳ ይስቅባታል። በዚያ ላይ ሥራዋ ፍርድ ቤት ነው፤ ሚስታቸውን ገድለው «አደጋ ነው» ያሉ ባሎችን ፋይል ስንቱን ተይባለች። ሁሉም ጎረቤት የመሰከረላቸው ጨዋ ሰዎች ነበሩ።

ለአባቴ ልደውል፣ አለች በልቧ። ሀብተ ማርያም ከዘራውን ተኝቶም ከእጁ የማይለይ ኃይለኛ ሽማግሌ ነው። አሁን ደግሞ የሳል ሽሮፕ ፍለጋ ሐይቁን ተሻግሮ ባቱ፣ ታላቅ ወንድሟ ቤት ሰንብቷል። «አባዬ፣ ድረስልኝ» ብትለው አድሮ አይውልም።

ገረሱ ከወለሉ አንስቶ ያስቀመጠላትን ቦርሳዋን ከፈተች። ስልኳ የለም።

«ስክሪኑ ተሰንጥቆ የለ? ላሠራልሽ ነው» አለ ገረሱ ኪሱን ይዞ። ስክሪኑ ከተሰነጠቀ ዓመት አልፎታል።

የአንተን ስጠኝ ብትለው፣ ባትሪው ሞቷል አላት። አሁን ሲያወራበት የነበረውን!

የጎረቤቷን የመይሙናን በር አንኳኳች።

«መይሙዬ፣ ስልክሽን አንዴ። አባቴ ጋ ልደውል።»

የመይሙና ዓይን እንባ ሞላ። «ቻርጅ የለውም፣ እህቴ» አለች። የስልኩ መብራት በእጇ ላይ ቦግ ብሎ ይታያል። ከዚያ ቤዛን እቅፍ አድርጋ ሳመቻትና በሩን ዘጋች።

እሷም ታውቃለች ማለት ነው። ቤዛ ደረጃው ላይ ቆማ ቁልቁል አየች። ታች ግቢው ውስጥ ወጣቶች የድንኳን ብረት ከመኪና ያወርዳሉ፤ ልደታ መቼም ሠርግ አይጠፋባትም። ቀና ብለው አዩዋትና ሥራቸውን አቆሙ። ልትጮህ አፏን ከፈተች። ምን ብላ? ባሌ ጀልባ ተከራየልኝ ብላ?

ገረሱ መጥቶ ክንዷን ያዘና ወደ ቤት መለሳት።

ማታ ጥብስ ገዝቶ መጣ። እሱ አልነካውም።

«ብዪ» አላት። «ነገ እህል የምትቀምሺበት ጊዜ ላይኖርሽ ይችላል።»

«አልራበኝም።»

«በሞቴ!» ጠቅልሎ ወደ አፏ አስጠጋ። ቤዛ ጉርሻውን እየፈራች ዋጠችው። መራራ መሰላት። ወደ መታጠቢያ ቤት ገብታ ተፋችው። ስትመለስ የውጭውን በር ሲቆልፍና ቁልፉን ኪሱ ሲከት አየችው።

ተኛች እንጂ አልተኛችም። ከወጥ ቤት ደብቃ ባመጣችው የሥጋ ቢላዋ ላይ ጋቢዋን ደርባ አደረች።

ጎህ ሳይቀድ ሸለብ አድርጓት ኖሮ ዓይኗን ስትገልጥ ገረሱ ጥቁር ኮቱን ለብሶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀምጦ ያያታል። ፂሙን አልተላጨም። ሲያለቅስ ያደረ ይመስላል። ገና ሳያደርገው የሚጸጽተው ሰው አለ ለካ፣ አለች በልቧ። ቢላዋውን በጋቢው ሥር ጨበጠች።

«ገሬ፣ ቤቱን ሽጠው» አለች። «ነገውኑ እፈርማለሁ። ሐይቁ ጋ ግን አትውሰደኝ። እባክህ።»

ገረሱ ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «ምን ላድርግ ቤዛዬ?» አለ። «ከእጄ ወጥቷል።»

ደረጃው ላይ የብዙ ሰው ኮቴ ተሰማ። ወንድሞቹ ናቸው። በሩ ተንኳኳ።

«ቁጭ እንዳልሽ ሁኚ» አላትና ሊከፍት ሄደ።

ቤዛ ቢላዋውን አውጥታ ግድግዳውን ተደግፋ ቆመች። ቁልፉ ዞረ።

መጀመሪያ የገባችው ነጠላዋን ያዘቀዘቀች መይሙና ነበረች፤ ቀጥሎ ጥቁር የለበሱ የእድር ሽማግሌዎች፤ በመጨረሻ፣ የአባቷን ከዘራ የያዘው ታላቅ ወንድሟ።