የተራራው ጫፍ ጋዜጣ

ሰዎቹ ሲያዩት ቆባቸውን የሚያወልቁት ለምን እንደሆነ የብስክሌት ሻምፒዮኑ አልገባውም። በጣሊያን መንገዶች ላይ እሱ ሲያልፍ ሕዝብ ይጮሃል እንጂ ዝም አይልም። ዛሬ ግን ከጠዋት ጀምሮ በየመንደሩ ዝም ብለው ያዩታል።

ወንድሙ ኤቶሬም ትናንት ሚላኖ ከተማ ከነበረበት የትራክ ብስክሌት ውድድር በኋላ እደውላለሁ ብሎ አልደወለም። አሰልጣኙ ዓይን ዓይኑን ሳያየው "መስመሩ ተበላሽቶ ይሆናል" ብሎት ነበር።

የተራራው ጫፍ በረዶ ለብሷል። ቁልቁለቱ ላይ ነፋሱ የብስክሌተኞቹን ደረት እንዳይመታው፣ ተመልካቾች እዚህ ጋዜጣ ያቀብሏቸዋል፤ የቆየ ልማድ ነው። ከፊቱ የነበሩት ሁለቱ ተቀብለው ማሊያቸው ውስጥ ከተቱ። እሱ ሲደርስ እጆች ሁሉ ወደ ኋላ ተደበቁ።

"እባካችሁ፣ ለኔም ጋዜጣ" አለ።

"አልቋል" አለው አሰልጣኙ በመኪናው መስኮት ብቅ ብሎ፤ "የኔን ሹራብ ልበስ።"

ሹራብ ለመልበስ ማን ይቆማል? ጋዜጣቸውን ለመደበቅ ከዘገዩ አንድ ሽማግሌ እጅ መንትፎ፣ ሳያየው ደረቱ ውስጥ ወሸቀው።

"ተው ልጄ፣ መልስልኝ" ሲሉ ከኋላው ሰማቸው።

ቁልቁለቱን እንደ ናዳ ወረደው። ሁለቱንም ቀድሞ ገባ። አበባ ይዛ የቀረበችው ልጅ ቀና ብላ አላየችውም። እሱ ግን እየሳቀ የማሊያውን ዚፕ ከፈተና በላብ የራሰውን ወረቀት ከደረቱ ላይ ላጠው።

ጋዜጣው ላይ ኤቶሬ፣ እንደ ሟች ፎቶ በጥቁር መስመር ታጥሮ፣ ፈገግ ብሏል። የፊቱ ቀለም ግማሹ ሻምፒዮኑ ደረት ላይ ቀርቷል።