ሁለተኛው ጉርሻ

ካዛንቺስ ያለውን ሆቴል የመረጠው በዙሪያው ላሉት ምርጥ ምግብ ቤቶች ብሎ ነበር። ለጉሮሮ ሕመማቸው ሐኪም ሊያሳያቸው ከወልቂጤ ያስመጣቸው አባቱ፣ ጥሩ ጥሩውን ቢቀምሱ የምግብ ፍላጎታቸው የሚመለስ መስሎታል። ምሳ ላይ ያጎረሳቸውን ሁሉ ሲቀበሉት ተስፋ አድርጎ ነበር። ማታም ክትፎውን በቆጮ ጠቅልሎ፣ «በሞቴ አባባ፣ ይቺን ብቻ!» አላቸው። ጎረሱለት።

ውሃ ሊያዝዝ ዞር ሲል በግድግዳው መስታወት አያቸው። ጉርሻውን ሶፍት ላይ ተፍተው፣ ጠቅልለው ኮት ኪሳቸው ውስጥ ከተቱት። ኪሱ የምሳውንም ይዞ አብጦ ነበር።

ውሃውን ሳያዝዝ ተመለሰ። አባቱ ፈገግ አሉ። «ጣት ያስቆረጥማል! በል ድገመኝ፣ ልጄ» ብለው አፋቸውን ከፈቱ።

ለሕፃን የምትሆን ጉርሻ ጠቀለለና አጎረሳቸው። ከዚያ አስተናጋጅ የሚጠራ መስሎ፣ ፊቱን አዞረላቸው።