መጨረሻ የሌላቸው መጻሕፍት

በ2002 ዓ.ም. መስከረም ላይ በፍኖተ ሰላም ያለች አንዲት ትንሽ የወጣቶች ቤተ መጻሕፍት የዓመት የንባብ ውድድር አወጣች። ደንቡ ቀላል ነበር። ተወዳዳሪው እስከ ሰኔ መጨረሻ ድረስ ሃያ አራት የወጣት ልቦለዶች ያነባል፤ ስለ እያንዳንዱም አንድ ገጽ ጽፎ ያስረክባል። ብዙ ያነበበና ጥሩ የጻፈ ያሸንፋል።

ውድድሩን የምትመራው ወይዘሮ ንግሥቴ ነበረች። አሥራ አንድ ዓመት አስተምራ፣ ጉሮሮዋ አላናግር ሲላት ወደ መጻሕፍቱ የተዛወረች ሴት ናት። አንድ ልጅ ገጽ በምራቅ ሲገልጥ ካየች ቀኑን ሙሉ ፊቷ አይፈታም።

ከተመዘገቡት ሠላሳ አንድ ልጆች ከቡሬ የመጣችው አንዷ ብቻ ነበረች፤ ውቢት ባንተአምላክ፣ የዘጠነኛ ክፍል ተማሪ። ቅጹን ሞልታ ቀና አለችና፣ «ሃያ አራት ብቻ ነው እንዴ?» ብላ ጠየቀች። ንግሥቴ ሳቀች። ልጅቷን ወደደቻት።

ከዚያ ወዲያ ግን ውቢት አልመጣችም። በየሁለት ሳምንቱ ቅዳሜ የሚመጣው አባቷ ነበር። አቶ ባንተአምላክ ቡሬ ገበያ ላይ ልብስ ሰፊ ነው፤ ጣቶቹን ጠመኔ ተለይቷቸው አያውቅም። የተነበቡትን በጨርቅ ጠቅልሎ ያመጣል፤ ሌሎች ሁለት ሦስት ይዞ ይመለሳል። ከመሄዱ በፊት በሩ አጠገብ ካለው አግዳሚ ወንበር ላይ ይቀመጥና መጻሕፍቱን ከኋላ እየጀመረ ያገላብጣቸዋል። ንግሥቴ ፊደል ያልቆጠረ መስሏት አዘነችለት።

«ውቢትስ? ምነው ራሷ ጠፋች?» አለችው አንድ ቀን።

«ትንሽ አሟት ነው፤ ይሻላታል።»

«እግዜር ይማርልዎት።»

«አሜን፣ ወይዘሮ ንግሥቴ።»

ታኅሣሥ ላይ ሄቨን የምትባል የከተማው ልጅ መጽሐፍ ይዛ እየተንደረደረች ገባች። በውድድሩ ውቢትን በሁለት መጽሐፍ ብቻ የምትከተል እሷ ነበረች።

«እትዬ ንግሥቴ፣ ይኸ እኮ መጨረሻ የለውም! ልጅቷ ምን እንደሆነች ሳላውቅ ምን ብዬ ልጻፍ? ፌር አይደለም!»

ንግሥቴ መጽሐፉን ተቀብላ አየችው። የመጨረሻዎቹ ሁለት ቅጠሎች የሉም። ተቀድደው አይደለም፤ በማስመሪያ እንደተለኩ ቀጥ ብለው ተቆርጠዋል። የመጽሐፉን የውሰት ካርድ አወጣች። ከሄቨን በፊት የተጻፈው ስም የውቢት ነበር።

በጥር ሦስት፣ በየካቲት ደግሞ አራት እንዲህ ያሉ መጻሕፍት ተገኙ። ሁሉም ቡሬ ደርሰው የተመለሱ ናቸው። እርግጥ ከቡሬ ከመጡት ውስጥ ደኅና የሆኑም ነበሩ። ንግሥቴ እነዚያን ልጅቷ ለመቁረጥ ጊዜ አጥታ የተወቻቸው አድርጋ ቆጠረቻቸው።

ይባስ ብሎ የውቢትን ጽሑፎች ከመጻሕፍቱ ጋር ስታስተያይ መጨረሻቸው አልገጥም አላት። ንግሥቴ መጻሕፍቱን ከመቆረጣቸው በፊት ሁሉንም አንብባቸዋለች። በአንዱ ልቦለድ ወንዝ የወሰዳት ልጅ በውቢት ወረቀት ላይ ነርስ ሆና ባሕር ዳር ትቀጠራለች። ጽሑፉ ያምራል፤ ግን ውሸት ነው።

ንግሥቴ ነገሩ ተገለጠላት። ልጅቷ ጀምራ አትጨርስም፤ እንዳይታወቅባት ደግሞ መጨረሻውን ትቆርጣለች። በዚያውም ተፎካካሪዎቿን ታሰናክላለች።

በቀጣዩ ቅዳሜ አላስችል አላት። «አቶ ባንተአምላክ፣ ልጅዎ መጽሐፍ ትቆርጣለች።»

ሰውየው መሬት መሬት አየ። «ልጄ እንዲህ አታደርግም፣» አለ ድምፁን ዝቅ አድርጎ።

«ታዲያ ማን ነው የሚያደርገው?»

የዚያን ቀን የወሰዳቸውን ሁለት መጻሕፍት በጨርቁ ጠቅልሎ ወጣ። ከዚያ በኋላ ለአምስት ሳምንት አልመጣም።

ንግሥቴ የውቢትን ስም ከዝርዝሩ በቀይ እስክሪብቶ ሰረዘችና በሩ ላይ ለጠፈችው። ምክንያቱንም ከሥሩ ጻፈች፤ ልጆቹ ተሰብስበው አነበቡት። ውቢት ከውድድሩ መሰናበቷን የሚገልጽ ደብዳቤም ጽፋ፣ ማኅተም አድርጋ በቦርሳዋ ከተተች፤ ሁለቱን መጻሕፍት ከነሕይወታቸው ለማስመለስ ራሷ ቡሬ ወረደች።

የልብስ ሰፊው ሱቅ ተዘግቶ ነበር። ጎረቤቱ ቤቱን አሳያት።

ውቢት መስኮቱ ሥር ካለ አልጋ ላይ ተኝታለች። መስከረም ላይ ያየቻት ልጅ አትመስልም፤ ክንዶቿ ሸንበቆ አክለዋል፣ ዓይኖቿ ብቻ ቀርተዋል። ንግሥቴን ስታይ ለመነሣት ሞከረች፤ አባቷ ደግፎ በትራስ አስደገፋት።

«እትዬ ንግሥቴ! አሥራ ዘጠኝ ደረስሁ እኮ! ሄቨንስ ስንት ደረሰች?»

«አንቺ ትቀድሚያለሽ፣» አለች ንግሥቴ። ቦርሳዋን ወደ ጎኗ ሳበች።

«አንድ ነገር ልጠይቅዎት ፈልጌ ነበር፤ እንዳይቆጡኝ። ከሚልኩልኝ መጻሕፍት ብዙዎቹ መጨረሻ የላቸውም። አርጅተው ነው አይደል? እኔ ታዲያ ከዚያ በኋላ ምን እንደሚሆን ራሴ አስብና እጽፈዋለሁ። ነጥብ ያስቀንስብኛል?»

ንግሥቴ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠች። «አያስቀንስም የኔ ልጅ፣» አለች። «እንዲያውም ያስጨምራል።»

ውቢት ፈገግ አለችና ከራስጌዋ ወረቀቷን አነሣች።

አቶ ባንተአምላክ ንግሥቴን እስከ መናኸሪያው ሸኛት። ሚኒባሱ አጠገብ ሲደርሱ ሰውየው ቆመ።

«ሐኪሞቹ ወደ ቤት ውሰዳት ካሉኝ ስድስት ወር ሆነ፣» አለ። «እሷ አታውቅም። የሚሻላት ይመስላታል።»

ረዳቱ «ፍኖተ ሰላም! ፍኖተ ሰላም!» እያለ ይጣራል። ንግሥቴ እግሯን አንሥታ ልትገባ ስትል ሰውየው ቀስ ብሎ እጇን ያዘ።

«ይቅር ይበሉኝ፣ የቆረጥሁት እኔ ነኝ። ሁሉንም አይደለም፤ ልጅቷ የምትሞትባቸውን ብቻ።»