የዴላ ሽርጥ

የኦክላሆማው ጉድጓድ ድንገት ጥቁር ድፍድፍ ነዳጅ ወደ ሰማይ ሲተፋ ቆፋሪዎቹ ከራስ ፀጉር እስከ እግር ጥፍራቸው ጠቆሩ፤ ማን ማን እንደሆነ አይለይም ነበር። ምግብ የምታበስልላቸው ዴላ ምድጃዋን አጥፍታ በሩጫ መጣችና ከቆፋሪዎቹ በአንዱ፣ በኦርቪል አንገት ላይ ተጠመጠመች።

“ቨርን፣ አንተ ጉደኛ፣ የሞትክ መስሎኝ ነበር እኮ።”

ቨርን አብሮት የሚቆፍረው ጓደኛው ነበር። ኦርቪል ድምፁ እንዳያጋልጠው ዝም አለ። በሽርጧ ግንባሩን፣ ከዚያ ጉንጩን ስትጠርግለት ሰማያዊ ዓይኑን እንዳታይበት ጨፈነ። ሽርጡ ከንፈሩ ላይ ካለው ጠባሳ ሲደርስ ቆመ።

“ኦርቪል?”

“ቨርን ደህና ነው” አላት ዓይኑን ሳይገልጥ። “መቆፈሪያው ማማ ሥር ሆኖ ሲጠራሽ ከቅድም ጀምሮ እየሰማሁት ነው።”

ሽርጧን ፈትታ እጁ ላይ አስቀመጠችለት። “የቀረውን ራስህ ጥረገው” ብላው ሮጠች።

ኦርቪል የቀረውን አልጠረገውም።