ባለ ቀይ ከፋይዋ ወንበር

ወንበሯ በአንድ ጎልማሳ አናት ላይ ሆና ወደ ዳሱ ስትገባ፣ ያይኔአበባ ደረቷን ልትመታ ያነሳችው እጅ አየር ላይ ቀረ።

የእሷ ወንበር ናት። እግሮቿ እንደ አንበሳ መዳፍ የተጠረቡ፣ ጀርባዋ ላይ የወይን ሐረግ የሚጥመለመልባት፣ ዙሪያዋን የወርቅ ቀለም የተቀባች፣ መቀመጫዋ ቀይ ከፋይ። ፍኖተ ሰላም ቤቷ ውስጥ ቆልፋባት የመጣችውን ወንበር ቡሬ ድረስ ምን እግር ጣላት?

እሷ የመጣችው አክስቷን ወይዘሮ ወለተ ሐናን ልታለቅስ ነው። ለለቅሶ ቤት መቀመጫ የሚያዋጣው ጎረቤት ነውና ከጧት ጀምሮ በርጩማውም፣ አግዳሚውም፣ እግሩ የተሰበረውም ሲግተለተል ነበር። ከዚያ ሁሉ ኮተት መሐል ይህች ጉድ ስትቀመጥ ለቀስተኛው ለአፍታ ለቅሶውን ረስቶ አፈጠጠ። ሰው መቼስ ቢያለቅስም ዓይኑ አያርፍም።

«ለፍኖተ ሰላሟ እንግዳ ናት» አለ ተሸካሚው በኩራት። «ይቀመጡባት፣ እመቤቴ።»

ያይኔአበባ አልተቀመጠችም። የራሷ ወንበር ላይም ተቀምጣ አታውቅም። ባሏ ገደፋው አምና ከአሥመራ በጭነት መኪና ያመጣላት ጊዜ፣ «ወዳገሩ የሚገባ ጣልያን ነው የሸጠልኝ። እንዲህ ያለች ወንበር በጎጃም ምድር ካንቺ በቀር ያለው የለም» ብሏት ነበር። እሷም አመነች። በቁርባን የተጋባችውን ባሏን ያላመነች ማንን ልታምን ነው? አዲሱን ቆርቆሮ ቤታቸውን ሲሚንቶ ካስለሰኑ ወዲህ ወንበሯን ከጃንሆይ ፎቶ ሥር አቁማ ዳንቴል አልብሳታለች። እንግዳ ሁሉ መደብ ላይ ተቀምጦ ወንበሯን ሲያይ ይውላል። የነፍስ አባቷ እንኳ ሊቀመጡባት ሲሉ «አባ፣ እባክዎ ወዲህ» ብላ አንስታቸዋለች። ጎረቤት «ያይኔአበባ ወንበር ሳይሆን ታቦት ነው ያስገባችው» እያለ ያማታል። መታማቱም ደስ ይላት ነበር።

ጠጋ ብላ አየቻት። የእሷዋ ሐረግ ወደ ቀኝ ይጠመዘዛል። የዚህችኛዋ ወደ ግራ ነው። ጥንድ ናቸው።

«ጌጥነሽ» አለች። ጌጥነሽ የሟቿ ልጅ ናት፤ አብረው ነው ያደጉት። «ይህች የማን ናት?»

«ምኗ፣ እታለም? የጎረቤት ናት፣ ተያት። አንተ ሰውዬ፣ አንሳልኝ ይችን! አግዳሚ አምጣ!» ጌጥነሽ ይህን ብላ የለበሰችውን ጋቢ ወንበሯ ላይ ጣለችባት። ሬሳም እንዲህ በጥድፊያ አይሸፈንም።

ይሄኔ ገባት። ገደፋው ሌላዋን ለማን እንደሰጠ ጌጥነሽ ታውቃለች። እናቷም ታውቅ ነበር ማለት ነው። ከጧት ጀምሮ ፊቷን የነጨችላት አክስቷ፣ በየፋሲካው ከአንድ መሶብ አብራት የበላች አክስቷ፣ ሁሉን እያወቀች ነው አፏን ዘግታ የሞተችው። ያመኑት ፈረስ ይጥላል በደንደስ ይባላል፤ ያይኔአበባን ግን የጣላት አንድ ፈረስ ብቻ አልነበረም።

በዚህ መሐል የወንበሯ ባለቤት ራሷ መጣች። ካሰች ትባላለች። አምና ከአገው ገጠር የመጣች፣ ሆዷ የገፋ፣ ገና ለጋ ልጅ ናት። ጋቢውን ገለጥ አድርጋ ከፋዩን በመዳፏ ጠረገችና፣ «ምነው ቆሙ፣ እትዬ? ይቀመጡባት እንጂ» አለች።

«ባልሽ አይቆጣም?»

«ኧረ ይቆጣል! ሰው አታስቀምጭባት ብሎኛል። ሊበን ገበያ ኑግ ሊገዛ ሄዷል፣ ማታ ይገባል። ገደፋው ሳይመጣ እመልሳታለሁ።» ካሰች ድምፅዋን ዝቅ አደረገች። «ጥንድ ነበሩ አሉ። አንዷ የሟች ሚስቱ ነበረች። ስትሞትበት ወንበሯን ለቤተ ክርስቲያን ሰጣት። ዛሬም ሚስቱን ባነሳ ቁጥር ዓይኑ እንባ ያቀርራል። ነፍሷን ይማር።»

«ይማር» አለች ያይኔአበባ።

ሌላ ሴት ማስቀመጥ በየአገሩ ያለ ነው። ይህንንስ አልቅሳም፣ ተሳድባም፣ ሽማግሌ ሰብስባም ትወጣው ነበር። ሚስቱን በቁሟ ቀብሮ፣ በእሷ ሞት እያለቀሰ፣ በልጅ ጭን ሲጽናና ማደሩ ግን አንጀቷን አሳረረው። እጇ ተነሳ። ልጅቱን ልትነጫት ነበር።

ለካሰች ግን ልታቅፋት ያነሳችው መሰላት። አንገቷን ዘንበል አድርጋ ትከሻዋን ሰጠቻትና፣ «አይዞዎት እትዬ፣ ሞት የማይገባበት ቤት የለም» አለቻት። የተነሳው እጅ ቀስ ብሎ ወረደ።

«እታለም፣ በማርያም! ሰው እያየን ነው። ነይ ወደ ጓዳ» ብላ ጌጥነሽ ክንዷን ያዘች።

ያይኔአበባ ክንዷን አስለቀቀች። ጋቢውን ከወንበሯ ላይ አንስታ ለጌጥነሽ መለሰችላት። ከዚያ ወንበሯን በሁለት እጇ ብድግ አድርጋ ፊቷን ወደ ዳሱ መግቢያ አዞረቻት።

«እመልሳታለሁ ያልሽውን ተይው» አለቻት ካሰችን። «ባልሽ ሲገባ እዚህ ድረስ መጥቶ ራሱ ይውሰዳት።»

«ኧረ እትዬ፣ ይገድለኛል!»

«አንቺን አይነካሽም፣ ልጄ። የፍኖተ ሰላም እንግዳ ተቀምጣባት አልነሳም አለች በይው።»

ለሐዘን ያዘቀዘቀችውን ነጠላ አውርዳ እንደ ደንቡ ለበሰችው። ለቀስተኛው እርስ በርሱ ተያየ። ያይኔአበባ ተቀመጠች። ከፋዩ ከሥሯ ተንኮሻኮሸ፤ ለካስ ውስጡ ገለባ ኖሯል። ሁለት እጆቿን በወርቃማዎቹ ክንዶች ላይ ዘርግታ፣ ከሊበን የሚመጣውን መንገድ ታይ ጀመር።