ዘላቂ መፍትሔ

ዳይሬክተሯ የትምህርት ቤቱን ቁልፍ ስትረከብ፣ ከአጥሩ ጀርባ የሚጣለው ቆሻሻ ከጉልበት አይበልጥም ነበር። አሁን አጥሩን አልፎ የአንደኛ ክፍልን መስኮት ጋርዷል። ፀሐይ ሲበረታበት ከውስጡ ይጨሳል። ጢሱ ሲመጣ መምህራኑ መስኮት ይዘጋሉ፤ መስኮት ሲዘጋ ደግሞ በአንድ ወንበር ለሦስት የተጣበቡት ልጆች በሙቀት ይፈዛሉ።

ያላንኳኳችው በር አልነበረም። ጽዳት አገልግሎት ስትሄድ መሬቱ የትምህርት ቢሮ ነው ይሏታል። ትምህርት ቢሮ ስትሄድ ቆሻሻው የጽዳት አገልግሎት ነው ይሏታል። እንደ ኳስ ሲቀባበሏት ከረሙ። በተለይ የጽዳት አገልግሎቱ ኃላፊ አንጀቷን አሳርሯታል። ጨዋ ሰው ነው፤ ብድግ ብሎ ይቀበላታል፣ ወንበር ይስብላታል፣ ለሁሉም ነገር እሺ ይላል። ከእሺታው በኋላ ግን ጠብ የሚል ነገር የለም።

የታናሽ እህቷ ልጅ እዚያው ሁለተኛ ክፍል ትማራለች፤ አስም አለባት። እህቷ ልጇን ወደ ሌላ ትምህርት ቤት ልታዛውር ከተነሣች ቆይታለች። የምትይዛት ዳይሬክተሯ ናት። የገዛ እህቴ ልጇን ካስወጣች ነገ የትኛው ወላጅ አምኖኝ ልጁን ያስቀምጣል ትላለች።

አንድ ቀን ሕፃኗ ክፍል ውስጥ ትንፋሽ አጥሯት ሐኪም ቤት ገባች። እህትየው ኮሪደሩ ላይ ድምፅዋን ከፍ አላደረገችም።

«እትዬ፣ አንቺ ትምህርት ቤትሽን ትወጃለሽ። እኔ ደግሞ ያለችኝ እሷ ናት።»

 ዳይሬክተሯ ቢቸግራት እስከ መጪው የትምህርት ዕረፍት ማለቂያ ብቻ ታገሺኝ አለቻት።

በዚያው ሰሞን የከተማው ምክር ቤት ኃላፊዎቹን ጠርቶ ለሕዝብ መልስ እንዲሰጡ አደረገ። ዳይሬክተሯ የወላጅ ኮሚቴውን ሰብሳቢ አስከትላ ሄደች። ሰብሳቢው አናጺ ነው፤ አንዴ የያዘውን ሐሳብ ማንም ስለማይነቅልለት ሰፈሩ «ምስማር» ይለዋል። ማይክሮፎኑ እጇ ሲገባ ያዘጋጀችው ንግግር ሁሉ ጠፋባት። ስለ ሕፃኗ ትንፋሽ ብቻ ተናግራ ተቀመጠች። 

መጀመሪያ የተነሣው የትምህርት ቢሮው ሰው ነበር። የክፍልና የወንበር በጀት ጥያቄያችሁን አይተነዋል፣ የአካባቢው ጉዳይ መላ ሳይበጅለት ግን በዚያ ግቢ ላይ ገንዘብ ማፍሰስ ብክነት ነው አለ። ቀጥሎ የጽዳት አገልግሎቱ ኃላፊ ከረባቱን አስተካክሎ ቆመ።

«ለእህታችን ቃል እገባለሁ» አለ። «በዚህ ዕረፍት ማሽን ይገባል። ሕፃናትና ቆሻሻ ከእንግዲህ ጎረቤት አይሆኑም። መፍትሔው ዘላቂ ነው የሚሆነው።»

ሰዉ አጨበጨበ። ምስማር ግን እጁን አጣጥፎ ተቀመጠ። ሲወጡ፣ ይህ ሰውዬ ማሽን ካመጣ ስሜን ቀይሪው አላት።

ሳምንት ሳምንትን ወለደ። አንዳንድ መምህራን ተዛወሩ፤ ምትክም አልመጣላቸውም። ንፋስ የገለበጠው የሦስተኛ ክፍል ጣሪያ ይጠገን ስትል ትንሽ ታገሡ ተባለች። የተማሪዎቹ ፋይል ኮምፒውተር ውስጥ ይገባል ተብሎ እንደተወሰደ ቀረ። ወደ ጽዳት አገልግሎቱ በየጊዜው ስትደውል የኃላፊው ፀሐፊ ስብሰባ ላይ ናቸው ትላለች፤ ዳይሬክተሯም ስልኩን ዘግታ ብቻዋን ታጉተመትማለች።

አንድ ነገር ብቻ ልቧን አሳረፈው። ሜትር የያዙ ሰዎች መጥተው ግቢውን ከዳር እስከ ዳር ለኩ፤ መማሪያ ክፍሎቹን፣ ሽንት ቤቱን፣ ሜዳውን ሳይቀር። ቆሻሻውስ ስትላቸው፣ እሱ ቀድሞ ተለክቷል አሏት። በጀቱ ሊለቀቅ ነው ብላ ሻይ አፍልታ አጠጣቻቸው።

ትምህርት ተዘጋ። ዕረፍቱም እየተገባደደ ማሽኑ የውሃ ሽታ ሆነ። እህትየው ለልጇ ሌላ ትምህርት ቤት አገኘች፤ የቀራት ማስመዝገብ ብቻ ነበር። ይሄኔ ነው የጽዳት አገልግሎቱ ኃላፊ ራሱ የደወለው። ነገ ጠዋት እንገባለን፣ በሩን አስከፍቺ አላት።

በማግስቱ ወላጆች አካፋና ማዳበሪያ ይዘው፣ አፍና አፍንጫቸውን ሸፍነው ሊያግዙ ወጡ። ምስማርም ሊታዘብ መጣ። ረፋዱ ላይ መሬቱ መንቀጥቀጥ ጀመረ። በመንገዱ ጥግ መጀመሪያ ሎደሩ፣ ከኋላው ገልባጭ መኪኖቹ ብቅ አሉ። ሴቶቹ እልል አሉ። ምስማር አፉን ይዞ ቀረ።

የዳይሬክተሯ እንባ ሳታስበው ወረደ። እዚያው በሩ ላይ ቆማ ለእህቷ ደወለች።

«መጥተዋል። በዓይኔ በብረቱ እያየኋቸው ነው። ልጅቷን እንዳታስመዘግቢያት።»

 እህትየው በለሰለሰ ድምፅ፣ እሺ እትዬ፣ አንቺን አምኜ አለች።

ሎደሩ ቆሻሻውን አልፎ በተከፈተው በር ገባና አንደኛ ክፍል ፊት ለፊት ቆመ። የብረት አካፋው ቀስ እያለ ከጣሪያው በላይ ከፍ አለ። ዳይሬክተሯ ሹፌሩ ቦታው የጠፋበት መስሏት እጇን እያወዛወዘች ሮጠች፤ ወንድሜ፣ ቆሻሻው እኮ በዚያ በኩል ነው አለችው።

ሹፌሩ የሞተሩን ድምፅ ቀነስ አድርጎ በመስኮቱ ብቅ አለ። «እሱማ የት ይሄዳል፣ እናቴ? እኛ የመጣነው ቦታ ልናሰፋለት ነው።»