የመምህር አምባዬ የፈጠራ ወንድም

መምህር አምባዬ መዋሸት የጀመረው ለእውነት ብሎ ነው።

ጊዜው ሃምሳ አምስት ዓመተ ምሕረት፣ ቦታው መቱ። ለወላጆች ቀን ስለ አዋቂ ቤት ንግግር እንዲያደርግ ተማሪ ቤቱ አዘዘው። ደስ አለው። አዲስ ደብተር ገዝቶ የአዋቂዎቹን ዓይነት በተራ ጻፈ። ሞራ ገልጦ የሚያይ። ጠጠር ጥሎ የሚቆጥር። በሕልሙ የሚመራ። ጆሮው ሥር የሚነገረው። ከያንዳንዱ ትይዩ ደግሞ ዘዴውን አሰፈረ፦ ግምት፣ ግምት፣ ወሬ፣ አረቄ።

አንዷ ብቻ ባዶ ቀረችበት። የጎረቤት ከተማዋ የሁሩሙ አዋቂ ኡርጌ።

ኡርጌ ሞራ አትገልጥም፤ ጠጠርም አትጥልም። ስም ነው የምትጠይቀው። የሕያው ሰው ስም ሲጠራላት ይሞቃታል፣ የሙት ይበርዳታል ይባላል። መምህሩ ግን ምስጢሩ ደጅ ላይ ነው ብሎ ጠርጥሯል። የባሏ ወንድም ጎንፋ የእንግዳ በቅሎ ተቀብሎ ሲያስር፣ ከየት መጣችሁ፣ ምን አገኛችሁ ማለት ይወዳል፤ የሰማውን ለእሷ ሳያደርስላት አይቀርም።

እናቱ ወለተ ማርያም ሁሩሙ ሊሄድ መሆኑን ስትሰማ ቅር አላት። የሰው እንጀራ አትንካ አለችው፤ ሌላ ምክንያት አልሰጠችም። ጎረቤቷ እትዬ ሽብሬ፣ ተዪው እንግዲህ፣ አንድዬሽ አይደል፣ ስትላት የሚሠራ ነገር ያስታወሰች መስላ ጓዳ ገባች። አንድዬሽ ሲሏት ሁልጊዜ እንዲህ ናት።

ቅዳሜ ሄደ። ጎንፋ በቅሎዋን ሲቀበለው ያሰበውን ነገረው። በጣሊያን ጊዜ የጠፋ ታላቅ ወንድም አለኝ፤ አሰፋ ይባላል፤ ይሙት ይኑር አላውቅም አለ። ወንድሙም ስሙም ፈጠራ ነበሩ። አምባዬ ለእናቱ አንድ መሆኑን መቱ በሙሉ ያውቃል።

ኡርጌ ድምፅዋ የሻከረ፣ አጭር አሮጊት ናት። በኦሮምኛ አነጋገረችው፣ እሱም በኦሮምኛ መለሰላት። ከእናቱ ደጃፍ ወዲያ ያለው ልጅነቱ ሁሉ በዚያ ቋንቋ ነው ያለፈው። የወንድሙን ስም ጠይቃ ሰማች። ቀጥላ የእናቱን ስም ጠየቀችው። ነገራት።

«አሰፋ የሚባል የለም» አለች። «ወንድምህ ግን አለ። ኖፓ ነው ያለው። በሌላ ሰው አባትነት ነው የሚጠራው።»

መምህሩ ሳቁን ውጦ ጻፈ። ያመጣላትን አንድ ኪሎ ስኳር ሲሰጣት እጇን ሰበሰበች። «ለሱ ውሰድለት» አለችው።

ከቤቷ ወጥቶ በቀጥታ ገበያው መሃል ቆመ። በሁለቱም ቋንቋ ለሕዝቡ አስረዳ። ወንድም ኖሮት እንደማያውቅ፣ ሴትየዋ ግን የሌለውን ሰው ኖፓ ድረስ ወስዳ እንዳስቀመጠችለት ተናገረ። ገበያው ሳቀ። አንድ ማር ሻጭ ጎንፋን ጠርቶ፣ ለእኔም አንድ ትፈልግልኝ፣ ብቻ ዛፍ ወጥቶ ቀፎ የሚሰቅል ይሁን አለው።

ኡርጌ ደጇ ላይ ቆማ ታየዋለች። አልረገመችውም። ብትረግመው ይቀለው ነበር። ወደ መቱ ሲመለስ ስኳሩን በየትኛው እጁ እንደሚይዘው ቸገረው።

ወሬው ቀድሞት ገባ። በሳምንቱ ፖሊስ፣ ሰው ታታልላለች ብሎ ኡርጌን ያዛት። ከመምህሩ በቀር ምስክር አልተገኘም። ዝም ቢል ትፈታለች፤ ቢመሰክር ትታሰራለች። ሁለት ቀን አሰበ። ኡርጌ የእናቱ እኩያ ናት፤ ያጠመዳት ደግሞ እሱ ራሱ ነው፣ በውሸት። ነገር ግን ያን ሁሉ ሕዝብ ሰብስቦ ከተናገረ በኋላ ወደኋላ ቢል ተማሪዎቹ ምን ይሉታል?

ችሎት ቀረበ። ወንጌል ላይ እጁን ጭኖ ማለ። ዳኛው ወንድም እንዳለው ጠየቁት።

«የለኝም» አለ። «እናቴ ከእኔ ሌላ አልወለደችም።»

የምትለው ካላት እንድትናገር ለኡርጌ ተፈቀደላት። በኦሮምኛ ጥቂት ቃል ተናገረች። አስተርጓሚው ጉሮሮውን ጠራርጎ፣ ምሕረት ትለምናለች አለ።

እሷ ምሕረት አልለመነችም። ልጁን አትቆጡት፣ የሚያውቀውን ነው የተናገረው፣ ነበር ያለችው። ከኋላ የተቀመጡት ገበሬዎች ሰምተዋል። መምህሩም ሰምቷል። ብድግ ብሎ አንድ ቃል ቢናገር ይበቃ ነበር። የጫማውን ጫፍ ሲመለከት ሦስት ወር ተፈረደባት።

ቤት ሲደርስ እናቱ ሰፌድ ታቅፋ ምስር ትለቅማለች። ፊት ለፊቷ መቀመጥ አልቻለም፤ መዝጊያውን ተደግፎ፣ ወደ ውጭ እያየ፣ እስከዚያ ቀን የደበቃትን ሁሉ ነገራት። የፈጠረውን ወንድም፣ ያልተወሰደውን ስኳር፣ የገበያውን ሳቅ፣ አስተርጓሚው የዋጠውን ቃል። ሲናገር አንገቱ ድረስ ጋለ። ነገ ክፍል ገብቶ ተማሪዎቹን፣ እውነቱን ተናገሩ፣ የሚልበት አፍ አልነበረውም።

«አፈርኩ፣ እማዬ» አለ። «በሌለ ሰው አሮጊት አሳሰርኩ።»

የወለተ ማርያም ጣቶች ምስሩ ላይ ቆሙ። ሴትየዋ ያለችውን ቃል በቃል እንዲደግምላት ጠየቀችው። ደገመላት። ያለው ኖፓ ነው፤ የሚጠራውም በሌላ ሰው አባትነት ነው። አንዴ እንደገና አስባለችው። አለላት።

ቁጣዋን ጠበቀ፤ ይገባኛል ብሎም አንገቱን ደፋ።

«አግብቶ እንደሆነስ» አለችው ቀስ ብላ፣ «አልጠየቅሃትም?»